ከፈቃድ እስከ እርማት፦ የሥነ ምግባራዊ ጠለፋ ትምህርት ለተቋማት የመረጃ ደኅንነት ያለው ፋይዳ

መግቢያ

የአንድ ተቋም የመረጃ ደኅንነት ሦስት ነገሮችን የመጠበቅ ሥራ ነው፦ ምስጢራዊነትን፣ ትክክለኛነትን እና ተደራሽነትን። የአንድ ተማሪ ውጤት ለማይመለከተው ሰው እንዳይታይ፣ ያለ ሥልጣን እንዳይለወጥ፣ ባለመብቱ ሲፈልገውም እንዳይታጣ ማድረግ የዚህ ሥራ ቀላል ምሳሌ ነው። ተቋማት ይህን ለማረጋገጥ ፋየርዎል ይተክላሉ፤ ጸረ ቫይረስ ይገዛሉ፤ የይለፍ ቃል አጠቃቀም መመሪያ ያወጣሉ። እነዚህ የመከላከያ እርምጃዎች በዕቅድና በመመሪያ ላይ መስፈራቸው ግን በተግባር መሥራታቸውን አያረጋግጥም። የታጠረ ግቢ ከውስጥ ሆኖ ለሚያየው ባለቤት የተዘጋ ይመስላል፤ አጥሩ የሳሳበትን ቦታ የሚያውቀው ዙሪያውን በውጭ በኩል የዞረ ሰው ነው።

ሥነ ምግባራዊ ጠለፋ የሚባለው ሙያ ይህን ከውጭ ሆኖ የማየት ተግባር በባለቤቱ ፈቃድ ያከናውናል። ባለሙያው አጥቂ የሚጠቀምባቸውን ዘዴዎች ይጠቀማል፤ ያገኘውን ክፍተት ግን ለግል ጥቅሙ አያውለውም፤ ለባለቤቱ በጽሑፍ ያቀርበዋል። በኢትዮጵያ የባንክ፣ የቴሌኮም፣ የግብርና የትምህርት አገልግሎቶች ወደ ዲጂታል ሥርዓት እየገቡ በመሆናቸው ሙያው ተፈላጊ እየሆነ መጥቷል። ይሁን እንጂ ትምህርቱ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው መሣሪያዎችን በፍጥነት የመጠቀም ክህሎት ተደርጎ ነው። ይህ ጽሑፍ ከዚህ የተለየ ነጥብ ያብራራል። ሥነ ምግባራዊ ጠላፊን ከወንጀለኛ የሚለየው የሚያውቀው ዘዴ አይደለም፤ ከሥራው በፊት የሚያገኘው ፈቃድ፣ በሥራው ወቅት የሚጠብቀው ወሰንና ከሥራው በኋላ የሚያቀርበው ሪፖርት ነው። ተቋሙም የሚጠነክረው ክፍተቱ በመገኘቱ ብቻ ሳይሆን በመታረሙ ነው። ትምህርቱ እነዚህን ካላካተተ ተማሪውን ለሕግ ተጠያቂነት፣ ተቋሙንም ለሐሰተኛ መተማመን ያጋልጣል።

ጽንሰ ሐሳቡና ተዛማጅ ስያሜዎች

በዘርፉ ጠላፊዎችን በባርኔጣ ቀለም መለየት የተለመደ ነው። በፈቃድ የሚሠራው ነጭ ባርኔጣ፣ ለጥፋት ወይም ለዝርፊያ የሚሠራው ጥቁር ባርኔጣ ይባላል። በሁለቱ መካከል ግራጫ ባርኔጣ የሚባል ሦስተኛ ወገን አለ። ይህ ወገን የመጉዳት ሐሳብ የለውም፤ ነገር ግን ሳይጠየቅና ሳይፈቀድለት የሌላ ሰው ሥርዓት ውስጥ ይገባል። በትምህርት ላይ ላለ ወጣት ከሁሉም በላይ አሳሳቹ ይህ ሦስተኛው ቦታ ነው። የሐሳብ በጎነት ከፈቃድ ጋር አንድ እየመሰለ ብዙዎችን ያዘናጋልና።

ከዚህ ሌላ ሦስት የሥራ ዓይነቶችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የተጋላጭነት ቅኝት በአብዛኛው በሶፍትዌር የሚካሄድ ሲሆን፣ የታወቁ ክፍተቶችን ዝርዝር ከተቋሙ ኮምፒዩተሮች ጋር ያመሳክራል። የሰርጎ መግባት ፍተሻ አንድ እርምጃ ይቀጥላል፤ የተገኘው ክፍተት በእርግጥ ወደ ውስጥ ያስገባ እንደሆነ፣ ካስገባም እስከ ምን ድረስ እንደሚያደርስ በሰው ብልኃት ይፈትሻል። የቀይ ቡድን ልምምድ ደግሞ ከሥርዓቱ አልፎ የተቋሙን ሰዎችና አሠራር ይፈትናል፤ ዋና ጥያቄውም ጥቃት ሲደርስ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ የሚል ነው። ቅኝት አካሂዶ የሰርጎ መግባት ፍተሻ ተደርጎልኛል ብሎ የሚያምን ተቋም ያልተመለሰለትን ጥያቄ እንደተመለሰ ቆጥሮታል ማለት ነው።

ታሪካዊ አመጣጥ

የራስን ሥርዓት በራስ ባለሙያ የማስፈተሽ ሐሳብ አንድ ኮምፒዩተር ብዙ ተጠቃሚዎችን በአንድ ጊዜ ማገልገል ከጀመረበት ዘመን ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ጄምስ አንደርሰን ለአሜሪካ አየር ኃይል ባዘጋጀው የኮምፒዩተር ደኅንነት ጥናት፣ አንድ አጥቂ ክፍተት ከመፈለግ ጀምሮ ክፍተቱን እስከ መጠቀም የሚሄድባቸውን ደረጃዎች አመልክቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1974 ፖል ካርገርና ሮጀር ሼል መልቲክስ የተባለውን የጋራ መጠቀሚያ ሥርዓት ለአየር ኃይሉ ፈትሸው ውጤቱን በሪፖርት አቀረቡ። መልቲክስ በዘመኑ ከነበሩት ሥርዓቶች ሁሉ ለደኅንነት የበለጠ ትኩረት የተሰጠው ነበር። ሆኖም ፈታሾቹ በማሽኑ፣ በሶፍትዌሩና በአሠራሩም ክፍተቶች አገኙበት። ከዚህ ሥራ የተወሰደው ትምህርት ዛሬም ይሠራል፦ ፍተሻ ክፍተት መኖሩን ያሳያል እንጂ ክፍተት አለመኖሩን አያረጋግጥም።

እ.ኤ.አ. በ1993 ዳን ፋርመርና ዊትሰ ቬኔማ የኔትዎርክ አስተዳዳሪዎች የራሳቸውን ሥርዓት በአጥቂ ዓይን እንዲመረምሩ የሚያስተምር ጽሑፍ አሠራጩ። በ1995 ደግሞ ሳተን የተባለውን የፍተሻ ሶፍትዌር ለማንኛውም ሰው በነጻ አቀረቡ። ይህ እርምጃ ብርቱ ክርክር አስነሣ። ተቃዋሚዎች ለወንጀለኞች መሣሪያ ማቀበል ነው አሉ፤ ደጋፊዎች ደግሞ አጥቂዎች ቀድሞውንም የሚያውቁትን ለተከላካዮች ማሳወቅ ነው ብለው ተከራከሩ። ሥነ ምግባራዊ ጠለፋ የሚለው ስያሜም የተስፋፋው በዚያው ዘመን በአይቢኤም ኩባንያ በኩል ሲሆን፣ በ1995 ቃሉን በመጠቀም ጆን ፓትሪክ በተለምዶ ይጠቀሳል።

የዚያው ኩባንያ ተመራማሪ ቻርልስ ፓልመር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ጽሑፍ የሙያውን ይዘት ወደ ሦስት ጥያቄዎች አጠቃልሎታል። ሰርጎ ገቡ በተቋሙ ሥርዓት ላይ ምን ማየት ይችላል? ባየው መረጃ ምን ማድረግ ይችላል? ሙከራውን ወይም ስኬቱን በተቋሙ ውስጥ የሚያስተውል ሰው አለ ወይ? ሁለቱ የመጀመሪያ ጥያቄዎች በየሥልጠናው በስፋት ይስተናገዳሉ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ከታች እንደሚታየው ግን የጉዳቱን መጠን የሚወስነው እርሱ ነው።

የፍተሻው ሂደት

የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቴክኒክ መመሪያ የሰርጎ መግባት ፍተሻን በአራት ምዕራፎች ይከፍለዋል፦ ዕቅድ፣ ዳሰሳ፣ ጥቃትና ሪፖርት። በዕቅድ ምዕራፍ ምንም ዓይነት ቴክኒካዊ ሥራ አይሠራም፤ ፈቃዱ በጽሑፍ ይገኛል፣ ወሰኑ ይከለላል፣ ዓላማው ይጻፋል። በዳሰሳ ምዕራፍ የተቋሙ አድራሻዎች፣ ክፍት በሮች፣ የሶፍትዌር ዓይነቶችና ስሪቶች ይሰበሰባሉ። በጥቃት ምዕራፍ ክፍተት ነው ተብሎ የተጠረጠረው ሁሉ በተግባር ይሞከራል። አንድ ሙከራ ሲሳካ አዲስ መረጃ ስለሚያስገኝ ፈታሹ ተመልሶ ወደ ዳሰሳ ይገባል። ሪፖርቱ በመጨረሻ የሚጻፍ ቢሆንም፣ ማስታወሻው ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ መያዝ አለበት።

ሂደቱን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ የተማሪዎች መረጃ ሥርዓት ተማሪው በይለፍ ቃሉ ገብቶ ውጤቱን እንዲያይ ያደርጋል እንበል። ገጹ ሲከፈት በአድራሻው መጨረሻ ላይ የመዝገቡ ቁጥር ይታያል። ፈታሹ ያንን ቁጥር በሌላ ቁጥር ሲተካው የሌላ ተማሪ ውጤት ከመጣ፣ ሥርዓቱ ጠያቂው ማን እንደሆነ ለይቷል፤ የጠየቀውን ለማየት መብት እንዳለው ግን አልመረመረም። ይህ ዓይነቱ የመዳረሻ ቁጥጥር ጉድለት ኦዋስፕ የተባለው ዓለም አቀፍ የድር ደኅንነት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የአሥሩ ዋና ዋና ሥጋቶች ዝርዝር ውስጥ የመጀመሪያውን ቦታ ይዟል።

በዚህ ምሳሌ የሥነ ምግባር ጉዳይ በቴክኒኩ ውስጥ ገብቶ ይታያል። ጥንቁቅ ፈታሽ ክፍተቱን ለማረጋገጥ ለፍተሻው ተብለው የተከፈቱ ሁለት የሙከራ መለያዎችን ይጠይቃል፤ በአንዱ ገብቶ የሌላኛውን መዝገብ ለማየት ይሞክራል። በዚህ መንገድ የማንም ተማሪ ውጤት ሳይታይ ክፍተቱ ይረጋገጣል። ግዴለሽ ፈታሽ ግን ክፍተቱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ለማሳየት ብሎ የአሥር ሺህ ተማሪዎችን መዝገብ ያወርዳል። ሁለቱም ያገኙት ክፍተት አንድ ነው። የሁለተኛው ሥራ ግን ራሱ የመረጃ መውጣት አደጋ ሆኗል፤ በኢትዮጵያም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰዎችን የግል መረጃ የሚይዝ ሁሉ የሚጠየቅበት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ለማረጋገጥ የሚበቃውን ያህል ብቻ መንካት የሙያው የመጀመሪያ ሕግ ነው።

ቅኝት የማያየው ክፍተት

ሁሉም ክፍተት ከአጥቂ ብልጠት የሚመነጭ አይደለም። አንዳንዱ በሥርዓቱ የአሠራር አመክንዮ ውስጥ የሚፈጠር ስሕተት ነው። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የገጠመው ሁኔታ ለዚህ በአገር ውስጥ የሚታወቅ ምሳሌ ነው። በአንድ ሌሊት የተወሰኑ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበራቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ ክስተቱ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረና ከሥርዓት ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ እንደሆነ አስታውቋል፤ ያለአግባብ የወጣው ገንዘብም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደነበር ገልጿል።

ከዚህ ክስተት ለዘርፉ ሁለት ትምህርቶች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ቴክኒካዊ ነው። የታወቁ ክፍተቶችን የሚያመሳክር ቅኝት እንዲህ ያለውን ስሕተት ሊያገኘው አይችልም፤ ሶፍትዌሩ የሚጠየቀውን ሁሉ በትክክል እየመለሰ ሊሆን ይችላልና። ሊያገኘው የሚችለው የሥራውን ሕግ የሚያውቅና ሕጉን ለመጣስ ሆን ብሎ የሚሞክር ሰው ነው። ከቀሪ ሒሳብ በላይ ቢጠየቅስ? አንድ ጥያቄ በተመሳሳይ ቅጽበት ሁለት ጊዜ ቢላክስ? ከአሉታዊ ቁጥር ጋር ቢላክስ? እነዚህ ጥያቄዎች ከእያንዳንዱ የሥርዓት ለውጥ በኋላ እንደገና መጠየቅ አለባቸው፤ ትናንት የተፈተሸው ሥርዓት ከዛሬ ለውጥ በኋላ ያው ሥርዓት አይደለም።

ሁለተኛው ትምህርት ሥነ ምግባርን ይመለከታል። ገንዘቡን ካወጡት መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለነበሩበት፣ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ጥሪ አስተላልፈዋል። ክፍተት ማግኘትና ክፍተትን የመጠቀም መብት ማግኘት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው በመማሪያ ክፍል ውስጥ ግልጽ ይመስላል፤ በሌሊት፣ ሁሉም ሰው ሲያደርገው እየታየ፣ ግልጽነቱ ይደበዝዛል። ሥነ ምግባርን እንደ አንድ የመግቢያ ምዕራፍ አንብቦ ማለፍ የማይበቃው፣ በተግባር ልምምድ ውስጥ ደጋግሞ መፈተን ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው።

ፈቃድ፣ ወሰንና ሕግ

በኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ በላይ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት፣ ዳታ ወይም ኔትዎርክ ሆን ብሎ መድረስን በወንጀል ያስቀጣል። ድርጊቱ የተፈጸመው በቁልፍ መሠረተ ልማት ላይ ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። በዚህ ድንጋጌ ውስጥ ለፈታሹ ሁለት ሐረጎች እኩል ክብደት አላቸው። የመጀመሪያው ያለ ፈቃድ የሚለው ሲሆን፣ ይህን ማንም በቀላሉ ይረዳዋል። ሁለተኛው ከፈቃድ በላይ የሚለው ነው። ውል ያለው፣ ደመወዝ የሚከፈለው፣ በጎ ሐሳብ ያለው ባለሙያም አንድ ያልተጠቀሰ ሰርቨር ውስጥ በመግባቱ ብቻ በዚህ ሐረግ ሥር ሊወድቅ ይችላል።

የወሰን አለመጥራት የሚያስከትለውን ችግር እ.ኤ.አ. መስከረም 2019 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት የተከሰተው ጉዳይ በሚገባ ያሳያል። የግዛቱ የዳኝነት አስተዳደር ኮልፋየር የተባለውን የደኅንነት ኩባንያ የፍርድ ቤት ሕንፃዎችንና ሥርዓቶችን ጥበቃ እንዲፈትሽ በውል ቀጠረ። ሁለት የኩባንያው ሠራተኞች በሌሊት ወደ ዳላስ ካውንቲ ፍርድ ቤት ሕንፃ ገቡ፤ የማንቂያ ደወሉ ሲጮኽም አልሸሹም፤ ፖሊስ ሲደርስ የፈቃድ ደብዳቤያቸውን አሳዩ። የካውንቲው የፖሊስ አዛዥ ግን ሕንፃው የካውንቲው እንጂ የግዛቱ ስላልሆነ ግዛቱ ይህን የመፍቀድ ሥልጣን የለውም በማለት እንዲታሰሩ አደረገ። ሠራተኞቹ ሰብሮ በመግባት ወንጀል ተከሰሱ፤ ክሱ በኋላ ወደ ቀላል ጥፋት ዝቅ ብሎ እ.ኤ.አ. ጥር 2020 ሙሉ በሙሉ ተነሣ።

በዚህ ጉዳይ ፈቃድ አልጠፋም፤ በጽሑፍም ነበር። የጎደለው ግን ፈቃጁ ወገን በሚፈተሸው ነገር ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ማረጋገጥና ሁለቱ ወገኖች የሥራውን ሰዓትና ዘዴ በአንድ ዓይነት ቃል መረዳታቸው ነበር። ተመሳሳይ ጥያቄ በኢትዮጵያ ተቋማትም ይነሣል። የአንድ ተቋም ድረ ገጽ በሌላ ኩባንያ ሰርቨር ላይ ሊቀመጥ፣ የደመወዝ ሥርዓቱ በአቅራቢ ድርጅት ሊተዳደር፣ የኢንተርኔት መስመሩ የቴሌኮም ድርጅት ሊሆን ይችላል። የተቋሙ ኃላፊ የፈረመው ደብዳቤ የራሱን ብቻ ይሸፍናል፤ የሦስተኛ ወገኖች ፈቃድ ለየብቻው መጠየቅ ይኖርበታል።

ስለዚህ የፍተሻ ውል ቢያንስ የሚከተሉትን መያዝ አለበት፦ የሚፈተሹ አድራሻዎችና ሥርዓቶች ዝርዝር፤ ፈጽሞ የማይነኩ ሥርዓቶች ዝርዝር፤ የሥራው ቀንና ሰዓት፤ የተፈቀዱና የተከለከሉ ዘዴዎች፤ አገልግሎት ቢቋረጥ በማንኛውም ሰዓት የሚጠራ ኃላፊ፤ በፍተሻው ወቅት የሚገኝ መረጃ የሚያዝበትና የሚጠፋበት ሁኔታ፤ እንዲሁም ፈራሚው የመፍቀድ ሥልጣን ያለው መሆኑ። ሠራተኛን በሐሰተኛ የኢሜይል መልእክት የመፈተን ሥራ ካለበት ደግሞ፣ የተታለለው ሠራተኛ በስሙ እንደማይጠቀስና እንደማይቀጣ አስቀድሞ መወሰን አለበት። የፍተሻው ዓላማ የአሠራር ድክመትን ማወቅ ነው፤ ሠራተኛውን ማሳፈር የሚያስገኘው ውጤት ቀጣዩ ሰው የተሳሳተበትን እንዲደብቅ ማድረግ ብቻ ነው።

ሳይጠየቁ ክፍተት ላገኙ ሰዎችም ሕጋዊ መንገድ የመክፈት ልምድ በዓለም እየሰፋ ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረጡ ድረ ገጾቹን ለተመዘገቡ ፈታሾች ክፍት አድርጎ ነበር። ከ1,400 በላይ ሰዎች ተመዝግበው ተቀባይነት ያገኙ 138 ክፍተቶችን አመለከቱ፤ ለክፍተቶቹ የተከፈለው ሽልማትም 75,000 ዶላር ገደማ ነበር። የአገሪቱ የፍትሕ ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 በቅን ልቡና የሚደረግ የደኅንነት ምርምር እንዳይከሰስ የሚያዝዝ መመሪያ አውጥቷል። እንዲህ ያለ መንገድ በግልጽ ባልተዘረጋበት ቦታ ተማሪው ሊከተለው የሚገባው ሥርዓት አንድ ነው፦ ፈቃድ ከሌለ ፍተሻ የለም።

ከግኝት ወደ እርማት

ክፍተትን ማወቅና ክፍተትን መዝጋት ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች መሆናቸውን የኢኪውፋክስ ጉዳይ ያሳያል። ኢኪውፋክስ በአሜሪካ የሰዎችን የብድር ታሪክ የሚይዝ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2017 መጀመሪያ ላይ አፓቼ ስትራትስ በተባለ የድር ሶፍትዌር ውስጥ ከባድ ክፍተት መገኘቱ ይፋ ሆነ፤ ማሻሻያውም አብሮ ቀረበ። ኩባንያው ማስጠንቀቂያው ደርሶት ለሠራተኞቹ አስተላልፏል፤ ቅኝትም አካሂዷል። ሆኖም ቅኝቱ ክፍተቱ ያለበትን ሥርዓት ሳያገኘው ቀረ። አጥቂዎች በግንቦት ወር አጋማሽ በዚያው ክፍተት ገቡ። ውስጥ ከገቡ በኋላ ሳይመሠጠሩ የተቀመጡ የመግቢያ ስሞችና የይለፍ ቃሎች አግኝተው ወደ ሌሎች በርካታ ዳታቤዞች ተሻገሩ።

የኩባንያውን የኔትዎርክ ፍሰት ይመረምር የነበረው መሣሪያ ዲጂታል የምስክር ወረቀቱ ጊዜው አልፎበት ስለነበር የተመሠጠረውን ፍሰት አያይም ነበር። በሐምሌ ወር መጨረሻ የምስክር ወረቀቱ ሲታደስ ወዲያው አጠራጣሪ እንቅስቃሴ ታየ። በዚህ መካከል ከ70 ቀናት በላይ አልፈዋል፤ የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃም ተወስዷል። የፓልመር ሦስተኛ ጥያቄ፣ የሚያስተውል ሰው አለ ወይ የሚለው፣ በዚህ ጉዳይ የነበረው መልስ የለም የሚል ነበር።

ከጉዳዩ የሚታየው ጉድለት የዕውቀት ማነስ አይደለም። ክፍተቱ ታውቋል፤ ማስጠንቀቂያው ደርሷል፤ መሣሪያው ተገዝቷል። ያልነበረው እያንዳንዱ ሥርዓት የት እንዳለና ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚያሳይ ሙሉ መዝገብ፣ ትእዛዙ መፈጸሙን የሚያረጋግጥ ሰውና ጠባቂው መሣሪያ ራሱ መሥራቱን የሚፈትሽ አሠራር ነው። የፍተሻ ሪፖርትም በተቋማት ውስጥ ተመሳሳይ ዕጣ ሊገጥመው ይችላል። ሪፖርቱ ለሥራ አስኪያጁ ይቀርባል፣ ሥራ አስኪያጁ ወደ ክፍሉ ይመራዋል፣ ክፍሉ በጀት ይጠብቃል፣ በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ፈታሽ ያንኑ ክፍተት እንደገና ያገኛል።

ይህን ለመከላከል ሪፖርቱ ሁለት አንባቢዎች እንዳሉት ታውቆ መጻፍ አለበት። ለኃላፊው አደጋው በሥራ ቋንቋ ይገለጽለታል፦ የትኛው አገልግሎት ይቋረጣል፣ የማን መረጃ ይወጣል፣ ምን ያህል ያስወጣል። ለቴክኒክ ባለሙያው ክፍተቱን ደግሞ ለማየት የሚያስችሉት እርምጃዎችና የእርማቱ ዘዴ በዝርዝር ይጻፍለታል። የክብደት ደረጃ ሲሰጥ ከዜሮ እስከ አሥር የሚለካው ዓለም አቀፍ መለኪያ ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በመለኪያው መካከለኛ የሆነ ክፍተት የደመወዝ ወይም የሕክምና መዝገብ በያዘ ሥርዓት ላይ ሲገኝ መጀመሪያ መታረም ሊኖርበት ይችላል። ለእያንዳንዱ ክፍተት ባለቤትና የመጨረሻ ቀን መመደብ፣ ከእርማቱም በኋላ ያንኑ ክፍተት እንደገና መፈተሽ የውሉ አካል መሆን አለበት። ዳግም ፍተሻ የሌለው ፍተሻ ምርመራ ተደርጎ መድኃኒት ያልታዘዘለትን ሕመም ይመስላል።

ትምህርቱ እንዴት ይሰጥ?

ከዚህ በላይ የቀረበው በትምህርት አሰጣጥ ላይ ቀጥተኛ ውጤት አለው። የመጀመሪያው የመለማመጃ ቦታ ጉዳይ ነው። ተማሪ የሚለማመድበት ሕጋዊ ቦታ ካላገኘ የሌላ ሰው ሥርዓት መፈለጉ አይቀርም። ለዚህ ውድ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። በአንድ ደህና ኮምፒዩተር ላይ ሁለት ወይም ሦስት ምናባዊ ማሽኖችን መጫንና ከውጭ ኔትዎርክ ነጥሎ እርስ በርስ ብቻ ማገናኘት ይቻላል። በአንዱ ላይ ካሊ ሊኑክስ የተባለው የፍተሻ ሥርዓት፣ በሌላው ላይ ለትምህርት ተብለው ክፍተት እንዲኖራቸው የተሠሩ እንደ ሜታስፕሎይተብል፣ ዌብጎት ወይም ጁስ ሾፕ ያሉ ሥርዓቶች ይጫናሉ። እነዚህ ሁሉ በነጻ የሚገኙ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላም ኢንተርኔት ስለማይፈልጉ መስመር በሚቆራረጥባቸው ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ያገለግላሉ።

ሁለተኛው የመሠረት ዕውቀት ነው። ኔትዎርክ እንዴት መልእክት እንደሚያደርስ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መብትን እንዴት እንደሚያከፋፍል፣ ዳታቤዝ ጥያቄን እንዴት እንደሚፈጽም ያላወቀ ተማሪ የመሣሪያ ትእዛዝ ይጽፋል እንጂ የወጣውን ውጤት አያነብም። መሣሪያው ሲያስጠነቅቅ ያምናል፤ ዝም ሲልም ያምናል። ሁለቱም በተቋም ላይ ኪሳራ ያስከትላሉ፤ የመጀመሪያው ባልነበረ ክፍተት ሰዎችን ያደክማል፣ ሁለተኛው የነበረውን ክፍተት ያሳልፋል።

ሦስተኛው ምዘና ነው። የትምህርቱ ነጥብ ወደ ሥርዓቱ በመግባት ብቻ ከተሰጠ ተማሪው መግባት ግብ እንደሆነ ይማራል። ነጥቡ ለወሰን ሰነዱ፣ ለማስታወሻ አያያዙ፣ ለሪፖርቱ ግልጽነት፣ ለእርማት ሐሳቡና ለዳግም ፍተሻው ሲከፋፈል ሙያውን በሙሉ ይማራል። ከወሰን ውጭ የተቀመጠ አንድ ማሽን በቤተ ሙከራው ውስጥ ሆን ብሎ አኑሮ፣ ያንን የነካ ተማሪ ምንም ያህል ክፍተት ቢያገኝ ፈተናውን እንዲወድቅ ማድረግ ከብዙ ገለጻ የበለጠ ያስተምራል።

አራተኛው ዩኒቨርሲቲው ራሱ የመጀመሪያ ተገልጋይ መሆን መቻሉ ነው። የአይሲቲ ዳይሬክቶሬቱ በጽሑፍ በሚሰጠው ፈቃድ፣ በመምህር ክትትልና በተወሰነ የጊዜ ወሰን የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሙከራ ቅጂ ሥርዓቶችን ሊፈትሹ ይችላሉ። የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽም ክፍተት ያገኘ ሰው ለማን እንደሚያመለክት የሚገልጽ አጭር ፋይል ሊይዝ ይችላል፤ የዚህ ፋይል ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ የኢንተርኔት የቴክኒክ ሰነድ ውስጥ ተገልጿል። በሀገር ደረጃ የዘርፉ ኃላፊነት የተሰጠው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ስለሆነ፣ ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ያሉ ሥርዓቶችን የሚመለከት ግኝት ወደ እርሱ የሚደርስበት መንገድ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ሊጠቀስ ይገባል።

ማጠቃለያ

ሥነ ምግባራዊ ጠለፋ የአጥቂን ዕውቀት ለተከላካይ ጥቅም የሚያውል ሙያ ነው። ከመልቲክስ ፍተሻ ጀምሮ ያለው ተሞክሮ ፍተሻ የደኅንነት ማረጋገጫ እንዳልሆነ ያስተምራል። የአዮዋ ጉዳይ ፈቃድ ያለ ግልጽ ወሰን እንደማይበቃ፣ የኢኪውፋክስ ጉዳይ ዕውቀት ያለ እርማት እንደማያድን፣ የንግድ ባንኩ ክስተት ደግሞ ክፍተት የግድ ጠላፊ እንደማይጠብቅ አሳይተዋል። ስለዚህ አንድ ተቋም የፍተሻ ባለሙያ ሲቀጥር ስንት ክፍተት ታገኛለህ ብሎ ከመጠየቅ በፊት፣ የሚገኘውን ክፍተት ማን በምን ያህል ቀን ያርማል ብሎ ራሱን ቢጠይቅ ይጠቀማል። ዩኒቨርሲቲም ሥርዓት ሰብሮ መግባት የሚችል ምሩቅ ከማፍራት ይልቅ፣ መግባት እየቻለ ፈቃድ የሚጠይቅ፣ ወሰን ላይ የሚቆምና ያገኘውን አሟልቶ የሚጽፍ ምሩቅ ቢያፈራ ተቋማት በውስጣቸው ያለውን መረጃ በአደራ የሚሰጡት ሰው ያገኛሉ።